የሞረድኩት ጎን

ድንጋዩ አሁንም ቤቴ አለ። ከሦስት ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ ጥቁር ነው፣ አንድ ጎኑ ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ተሞርዷል። ስለ እሱ ለነፍስ አባቴ በጊዜው ተናዝዣለሁ። «ስለ አንድ ድንጋይ ዋሽቻለሁ» አልኳቸው፤ ቀኖና ሰጡኝ፣ ፈጸምኩ። የተሞረደውን ጎን ግን አላነሳሁባቸውም። መዋሸቴን እንጂ፣ ከመዋሸቴ በፊት እውነቱን በዓይኔ ማየቴን አልነገርኳቸውም። እንግዲህ ተናዝዣለሁ ስል እንኳ ግማሹን ነው። የቀረውን ግማሽ ወደ አንተ አመጣሁት፣ አንባቢዬ። አንተ ቀኖና አትሰጥም፣ አትፈታም፤ ያንንም ፈልጌ አይደለም።

ዳንግላ ፊዚክስ ሳስተምር ማታ ማታ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት እንሰበሰብ ነበር። አምስት ነን፦ እኔ፣ አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ አንድ የጤና ባለሙያ፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አንድ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ። ወሬያችን ሰማይ ነው። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ያማርራል፤ እኛ ኩባያችንን ይዘን ደጅ እንወጣለን። ኮከብ ሲወረወር ቀድሞ ያየ የሻይ ሂሳብ አይከፍልም። ሬዲዮ ጠጋኙ ለዓመታት ሂሳብ አልከፈለም።

ትልቁ ክርክራችን ዘንገና ነበር። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለውን ሐይቅ ያየ ያውቀዋል፤ ድስት ይመስላል፣ ክብነቱ ልክ ነው፣ ጥልቀቱ ያስፈራል። እኔ «ይህ የወደቀ ኮከብ የቆፈረው ጉድጓድ ነው» እላለሁ። የጂኦግራፊው መምህር «እሳተ ገሞራ ነው» ይላል። የቀለጠ አለት ከታች ሲመጣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ፈነዳ፣ ጉድጓዱ ቀረ፣ ውሃ ሞላው፤ በቃ። እኔ ደግሞ የአሪዞናውን ጉድጓድ እጠቅሳለሁ። ስፋቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ያን ጉድጓድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጊልበርት የተባለ ታዋቂ የጂኦሎጂ ሰው የእሳተ ገሞራ እንፋሎት ሥራ ነው ብሎት ነበር። ባሪንጀር የተባለ የማዕድን ሰው ግን ከሰማይ በወረደ ብረት የተቆፈረ ነው ብሎ ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሀብቱን በቁፋሮ ጨረሰ። ስለ ጉድጓዱ እሱ ትክክል ነበር። ይህን ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ራሴን ባሪንጀር አድርጌ ነበር የማወራው። ታሪኩ ላይ የማልጨምረው አንድ ነገር ነበር፦ የቆፈረለት የብረት ክምር እዚያ አልነበረም፤ አብዛኛው በግጭቱ ሙቀት ተንኖ ጠፍቶ ኖሯል።

አንድ ማታ የጂኦግራፊው መምህር ሻዩን እያማሰለ «እሺ ዘንገናስ ይሁንልህ፤ ጥርባስ?» አለኝ። ጥርባም እዚያው አካባቢ ያለ ክብ ሐይቅ ነው። «ሁለት ኮከብ ተቀጣጥረው ነው ጎን ለጎን የወደቁት?» ሁሉም ሳቁ። ሻይ የምትቀዳው ሴትዮ እንኳ ሳቀች። ጥያቄው ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑንም እዚያው ነው ያወቅኩት። ከዚያ በኋላ ለሠራሁት ሥራ ምክንያቱ ይህ ሳቅ ነው ብል ቀላል ይሆንልኛል። ሙሉውን አይደለም። ሳቁ ቢያናድደኝም እውነት ፈላጊ ሰው «ተሸንፌያለሁ» ብሎ ይተኛ ነበር። እኔ የተኛሁት የሚያሸንፍ ነገር ምን እንደሆነ እያሰብኩ ነው።

በ2001 መጋቢት በሬዲዮ አንድ ዜና ሰማሁ። በመስከረም 26 አሪዞና ያለ ቴሌስኮፕ ወደ ምድር የሚመጣ ትንሽ አስትሮይድ አየ፤ ስፋቱ አራት ሜትር ገደማ ነው፤ 2008 ቲሲ3 የሚል ስም ተሰጠው። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ መስከረም 27 ሊነጋጋ ሲል፣ ከሰሜን ሱዳን በረሃ በላይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። አለት ገና ጠፈር ላይ ሳለ ታይቶ፣ ከወደቀ በኋላ ስብርባሪው ሲለቀም ያ የመጀመሪያው ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙአውያ ሻዳድና ፒተር ጄኒስከንስ የተባለ ተመራማሪ ተማሪዎችን በረሃው ላይ በሰልፍ አሰልፈው በእግራቸው እያስኬዱ ድንጋዮቹን አስለቀሙ። ድንጋዮቹ በአንድ የባቡር ጣቢያ ስም «አልመሃታ ሲታ» ተባሉ፤ ጣቢያ ስድስት ማለት ነው። ተማሪዎቹን ቀናሁባቸው። እዚሁ ጎረቤት አገር፣ እንደኔ ተማሪ ያሉ ልጆች፣ አንገታቸውን ደፍተው አሸዋ ላይ ጥቁር ድንጋይ ፍለጋ ሲሄዱ ይታየኝ ነበር። እኛም አገር ቢሆን በ1973 ጉርሱም ላይ ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ተመዝግቧል። ሐረርጌ ላይ ከወረደ አገው ምድር ላይ ለምን አይወርድም?

ግንቦት ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጡ። ድንጋዩን በነጠላ ጠቅልለው በፈረሳቸው ጭነው ነው ያመጡት። ፈረሱ ቀይ ነው፤ ስንነጋገር ልጓሙን ከእጃቸው አልለቀቁም። ሲያርሱ ማረሻው ገጭቶ አወጣው። «እንዲህ ያለ ድንጋይ ማሳዬ ሞልቶታል፤ ይሄኛው ግን ይከብደኛል፤ ሰዎች ‹ከሰማይ የወደቀ ነገር መምህሩ ያውቃል› አሉኝ» አሉ። ልብ በል፤ ማሳዬ ሞልቶታል ያሉት እሳቸው ናቸው። ስለ ድንጋዩ በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ልኩን የተናገሩ እሳቸው ነበሩ።

«ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነበር?» አልኳቸው።

«አንድ ሌሊት ብልጭታ አይቻለሁ። ከመስቀል በኋላ ነው፤ ቀኑን አላጠናሁትም።»

«መስከረም 27 ሊሆን ይችላል? የመድኃኔዓለም ዕለት?»

«ሊሆን ይችላል» አሉ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት ይመስለኛል። ማስታወሻዬ ላይ «መስከረም 27» ብዬ ጻፍኩ። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን አልጻፍኩም።

ለጥቂት ቀን ይቆይልኝ አልኳቸውና ተቀበልኩ። ማታ መብራት አልነበረም። ኩራዝ አብርቼ፣ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት በክር አንጠልጥዬ ወደ ድንጋዩ አስጠጋሁ። ሳብ አደረገው። ልቤ ዘለለ፤ ግን የእኛ አካባቢ ጥቁር ድንጋይም በውስጡ ባለው ማግኔታይት ማግኔትን ትንሽ እንደሚስብ አስተምር ነበር። ስለዚህ ሞረድ አነሳሁ። ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ላዩ በአየር ውስጥ ሲቃጠል ስስ ጥቁር ልባስ ያበጃል፤ ሲሞረድ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ እንደ ብር ብናኝ የሚያብለጨልጭ ብረት ያሳያል። ቀዳዳ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ቀዳዳ ያለው ከእሳተ ገሞራ የወጣ አለት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ውስጡ ታፍኖ አረፋ ሆኖ ይቀራል።

ሞረድኩ። የሚያብለጨልጭ የለም። አጉሊ መነጽሬን አስጠግቼ ሳይ ሦስት ቀዳዳ አየሁ፤ ሁለቱ ትንንሽ፣ አንዱ ከፍ ያለ፣ ክብ፣ ልክ የእንጀራ ዓይን። ማንም የአገሬ ሰው የእንጀራ ዓይን ከምን እንደሚመጣ አይጠፋውም።

እዚያ ላይ ነበር ማቆም የነበረብኝ። ከዚህ በፊት ያለውን ሁሉ ጉጉት ልለው እችላለሁ፤ መሳሳት ለሰው ያለ ነው ልልም እችላለሁ። ከሦስቱ ቀዳዳ በኋላ ግን የተሳሳትኩት ነገር የለም። አውቄ ነው። የኩራዙን ጥላሸት በጣቴ ነክቼ የሞረድኩት ላይ ቀባሁት። አንዴ አልበቃም፤ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ቀዳዳዎቹ እስኪደፈኑ። ስቀባ ምን እያሰብኩ እንደነበር ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ስለ ገበሬው አይደለም፤ እሳቸው በዚያ ሌሊት በአእምሮዬ አልነበሩም። የማስበው የጂኦግራፊው መምህር ድንጋዩን ሲያይ ፊቱ ምን እንደሚመስል ነበር።

በማግሥቱ ማታ ሻይ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ማግኔቱን አሳየሁ። የሱዳኑን ነገር ተረክሁ፤ «የእሱ ስባሪ ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም። የጂኦግራፊው መምህር አነሳው፣ መዘነው፣ መልሶ አስቀመጠው። «እንግዲህ...» ብሎ ዝም አለ። ያን «እንግዲህ» አልክድም፤ ጣፍጦኝ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ስሌት ብሠራ ይበቃ ነበር፤ ለ11ኛ ክፍል ተማሪ የሚሰጥ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የፈነዳ ነገር ከ690 ኪሎ ሜትር በላይ ለራቀ ሰው ከአድማስ በታች ነው። ከእኛ እስከ ጣቢያ ስድስት ከ1,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ገበሬው ያዩት ብልጭታ ከዳንግላ ሰማይ የሱዳኑ ሊሆን አይችልም። ያኔ አላሰላሁትም ልል ነበር፤ ይህም ልክ አይደለም። ማስላት ጀምሬ፣ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይ እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ገበሬው ሲመለሱ አዲስ አበባ ወስደው ለባለሙያ እንዲያሳዩት መከርኳቸው። የውጭ አገር ሰዎች የሰማይ ድንጋይ በግራም እንደሚገዙም ነገርኳቸው፤ ይህ እውነት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ብቸኛው እውነት እሱ ነበር፤ በጣም የጎዳቸውም እሱ ነው። «መምህር፣ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። «ነኝ አባቴ» አልኳቸው። ለሚመለከተው ሁሉ የሚል ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ።

ፈረሱን ሸጡት። ሽጡ አላልኳቸውም። ስሰማ «ለምን አልተበደሩም?» ብዬ በሆዴ ተቆጣኋቸው፤ ጥፋተኛ ሰው የሚቆጣው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ አሥር ቀን ቆዩ፤ ድንጋዩን ያየላቸው ሰው ጊዜ አልፈጀበትም። ሲመለሱ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። በመስኮት አየኋቸው። አንድ ተማሪ ልኬ «መምህር የሉም» አስባልኩ። ድንጋዩን ለዘበኛው ሰጥተው ሄዱ። ዘበኛው «‹አደራህን አድርስልኝ› ብለዋል» አለኝ።

ጥር 23 ቀን 2002 እንጅባራ ሄድኩ፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ያንን ያላየ ሰው ፈረስ ለአገው ምን እንደሆነ ብነግረው አይገባውም፤ እኔ ስንት ዓመት ኖሬበት አልገባኝም ነበር። ሜዳው በፈረስ ተሞልቷል፤ አቧራው፣ የቃጭሉ ድምፅ፣ ያጌጠው ግላስ። ሰው መሐል እሳቸውን አየኋቸው። እንደ ፈረሰኛ ለብሰዋል፤ አለንጋቸው በእጃቸው ነው። በእግራቸው ቆመዋል።

ልሸሽ ነበር። ቀድመው አዩኝ።

«መምህር፣ ድንጋዩ ደህና ነው?»

«ደህና ነው አባቴ።»

«አዲስ አበባ ያየልኝ ሰውዬ በውሃ አጠበው። ጥላሸቱ ሲለቅ የሞረድኸው ጎን ወጣ። ሌላ ጋ አልነካውም፤ ቀዳዳዎቹን እዚያው አሳየኝ። ‹ይህን ከእኔ በፊት ያየ ሰው አለ› አለኝ።»

ድምፃቸው አልተለወጠም። መልስ የጠበቁም አይመስለኝም፤ ፈረሰኞቹ እየመጡ ስለነበር ፊታቸውን ወደ ሜዳው መለሱ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሳዝን የነበረው ስለ ፈረሱ ነው ብዬ አምን ነበር። ለካ የማዝነው እንዳይታወቅብኝ ነበር። እሳቸው ግን ከሰኔ ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ሰባት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። ሻይ ቤቱ ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ድንጋዩ የሰማይ ነበር።

በሳምንቱ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። የጂኦግራፊው መምህር አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ለገበሬው በየወሩ ከደመወዜ እየቆረጥኩ የፈረሱን ዋጋ ከፈልኩ፤ ሁለት ዓመት ፈጀ። ተቀበሉኝ። ቀዩ ፈረስ ግን ተሽጦ ሌላ አገር ሄዷል፤ ሌላም አልገዙም። ይህን የጻፍኩት ሂሳቡ ተዘጋ ለማለት አይደለም፤ ካልጻፍኩት ደግሞ ከሆንኩት የባስኩ ሆኜ ልታየኝ እንደፈለግሁ ይሆንብኛል፤ እሱም አንድ ዓይነት ጥላሸት ነው።

በ2017 ጥር መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እሳት የሚመስሉ ነገሮች ተከታትለው ሲያልፉ ታዩ፤ ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ወቅቱ አፋርና ፈንታሌ አካባቢ መሬት በየቀኑ የሚንቀጠቀጥበት ነበር፤ ሰው ፈርቷል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ወይ የጠፈር ቆሻሻ ወይ ሜቲዮር ሊሆን ይችላል አለ። ያ አሥረኛ ክፍል የጨረሰው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ደወለልኝ። የሰማይ ድንጋይ በትንሹ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር እየበረረ ስለሚገባ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ያልቃል፤ ከምሕዋር የሚወርድ ሰው ሠራሽ ነገር ግን ስምንት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ አግድም እየተንሸራተተ፣ እየተበታተነ ረዥም ጊዜ ይታያል አልኩት። ኬንያ ማኩዌኒ ላይ በታኅሣሥ 21 ግማሽ ቶን የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ መውደቁንም አስታወስኩት። ቪዲዮው ወደ ሰው ሠራሹ ያደላል አልኩ።

«እና እርግጠኛ ነዎት መምህር?» አለኝ።

ድንጋዩ ከፊቴ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ የተሞረደው ጎን ወደ እኔ ዞሯል፤ እንደዚያ ነው የማስቀምጠው።

«ቪዲዮ ነው ያየሁት፤ እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ድሮ እኮ እርግጠኛ ነበሩ» ብሎ ሳቀ።