ብርማ ቀለም ጉድፍ አይሸሽግም

በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሳይንስና ስለ ስፖርት ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ስለ አንዲት ትንሽ የእጅ ሥራ ልጽፍ ተነሥቻለሁ፤ ይኸውም በእጅ የተሠራች የመኪና ሞዴል ብርማ ቀለም ተረጭታ የምትለሰልስበት ዘዴ ነው። ነገሩ የሕፃን ጨዋታ ቢመስልም ልፋቱና ትምህርቱ የሕፃን አይደለም።

ሞዴሊቱ ቦቴ ናት። አባቴ ከጅቡቲ ነዳጅ እየጫኑ ብዙ ዓመት የተመላለሱ ሾፌር ነበሩ። የዓይናቸው ብርሃን ስለ ደከመ መሪ ከጨበጡ ግን ሁለት ዓመት አልፏል። ስለዚህ በእጃቸው የሚዳስሷት ቦቴ ልሠራላቸው ቈረጥሁ። ለታንከሩ ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ለሻንሲው ሽቦ፣ ለጎማው የአሮጌ ሸበጥ ሶል አዘጋጀሁ። ሁለቱን ጣሳዎች ቆርቆሮ ሠሪው ጎረቤታችን በየዱልኝ። ብየዳው ግን እንደ ቁስል ጠባሳ ጎልቶ ይታይ ነበር። ዓይኑ የደከመ ሰው ሥራን የሚመረምረው በጣቱ ነውና ያ ጠባሳ መጥፋት ነበረበት።

ብርማ ቀለም በውስጡ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የአሉሚኒየም ቅርፊቶች አሉበት። ቅርፊቶቹ ተስተካክለው ሲተኙ ብርሃንን እንደ መስተዋት ይመልሳሉ። በዚህም ምክንያት ጭረትም ሆነ ጉድጓድ ከሌላው ቀለም ይልቅ በብርማው ላይ አፍጥጦ ይታያል። በጣሳ ታሽጎ የሚረጨውን ቀለም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት የፈለሰፈው ኤድዋርድ ሲሞር ሲሆን፣ መጀመሪያ የሞከረውም ይህንኑ የአሉሚኒየም ቀለም ነበር።

ከከተማችን አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ያሠሩት፣ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል መድፍ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረታ ብረት የተገኘ ነው። የፈሰሰ ብረት የቅርጹን ፊት እንደሚይዝ ሁሉ ቀለምም ከሥሩ ያለውን ፊት ይይዛል። እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው ከሥር ነው።

በመጀመሪያ ጣሳውን በሳሙና አጥቤ ቅባቱን አስለቀቅሁ። ብየዳውን በሞረድ ዝቅ አድርጌ ስቱኮ ቀባሁበት፤ ሲደርቅም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። ቀጥሎ ግራጫ የመደብ ቀለም ረጨሁ። የግራጫው ሥራ መመርመር ነው፤ ዓይን ያለፈውን ጉድጓድ ሁሉ ያወጣል። ያሳየኝን በስቱኮ ሞልቼ፣ እንደ ገና ረጭቼ፣ በ1000 ቁጥር ወረቀት ውሃ እያስነካሁ አለሰለስሁት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን በብየዳው ላይ አሳለፍሁ፤ እጄን የሚይዝ ነገር እስኪጠፋ ድረስ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት።

የደብረ ታቦር አየር ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ብርዱ ቀለሙን ያወፍረዋል። በክረምት ደግሞ የቀለሙ ማቅጠኛ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት በላዩ ይቋጠርና እንደ ጉም ያነጣዋል። ስለዚህ ጥቅምትን ጠበቅሁ። የመረጥሁትም ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ 6፣ ነፋስ አቧራ ሳያነሣ ነው። የቀለሙን ጣሳ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆየሁት፤ እሳት ላይ ማሞቅ ግን ሊያፈነዳው ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። ሥራው በደጅ፣ አፍንጫን ሸፍኖና ከከሰል ምድጃ ርቆ ይሁን።

ጣሳውን በውስጡ ያለችው ኳስ እየተንኳኳች 2 ደቂቃ ነቀነቅሁት። ርቀቱ አንድ ስንዝር ከጥቂት፣ ማለት ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። መርጨት ከሞዴሉ ውጭ ተጀምሮ አልፎት ሄዶ ያበቃል፤ በላዩ ላይ የቆመ እጅ ቀለሙን ያንጠባጥበዋል። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ከተረጨ ቅርፊቶቹ ይዋኙና እየተሰበሰቡ ዥንጉርጉር ይሆናሉ። ስለዚህ ስስ ስስ አድርጌ አራት ጊዜ ረጨሁ፤ በየመካከሉም 10 ደቂቃ ጠበቅሁ። ብርማው ከተረጨ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አይነካም፤ ቅርፊቶቹ ይረበሻሉና። በደንብ ሲደርቅ ከቀለሙ ጋር የሚስማማ ነጭ ቨርኒሽ ደረብሁበት።

ቦቴዋን ለአባቴ ባስረከብኋቸው ጊዜ ጣታቸውን ከታንከሩ ጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉ፤ መልሰውም አሳለፉ።

«ብየዳው የታለ?» አሉኝ።

«ከሥር ነው፣ አባባ» አልኋቸው።

ወደ መስኮቱ አዙረው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ኋላም «ብርሃኗ ይታየኛል፤ አሁን ታጥባ የወጣች ትመስላለች» አሉ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ሥራው ከፈጀው አምስት ቀን ውስጥ ብርማውን ቀለም ለመርጨት የዋለው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ሁሉ ማንም በማያየው ስቱኮና ግራጫ ቀለም ላይ ዋለ፤ አባቴ በጣታቸው ያገኙት ልስላሴም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ሞዴል ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ፣ ብርማውን ቀለም ለመግዛት ስትሄዱ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀድማችሁ ግዙ።