የዘርአ ክህነት ተማሪ ቀለብ፤ ከሮማ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ እምድብር ለሚገኙት ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፤

  እኔ የሮማ የድንጋይ ንጣፍ ጉልበቴን ቢያስቸግረውም፣ በአምላከ ቅዱሳን ቸርነት ደኅና ነኝ። የመጣሁት መካነ ቅዱሳንን ለመሳለም ቢሆንም፣ ከመነሣቴ በፊት ያቀረቡልኝ ጥያቄ፣ ማለትም ልጅዎ እንደ ምኞቱ ወደ ዘርአ ክህነት ቢገባ እስከ ኮሌጁ ፍጻሜ ድረስ የሚጠይቀውን የብዙ ዓመት ቀለብና ትምህርት ማን ይችለዋል፣ የሚችለው ባዕድ ከሆነስ «የእገሌ ልጅ በሰው ምጽዋት ተማረ» መባል ለቤታችን ነውር አይሆንም ወይ ያሉኝ ነገር፣ በየሄድኩበት ከልቤ ስላልተለየኝ፣ ሌላው ተሳላሚ የሥዕልና የእብነ በረድ ጌጥ በሚመለከትበት ሥፍራ ሁሉ እኔ ‹ይህን ቤት የሠራው፣ በውስጡ የተማሩትን ያበላው ማን ነው?› እያልኩ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን እነሆ እጽፍልዎታለሁ፤ ዘመናቱን የምጠራው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

የነገሩ ሥር ያለው በትሬንቶ ጉባኤ ነው። ጉባኤው በ1563 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ባደረገው ስብሰባ፣ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት እንደ ዐቅሙ በካቴድራሉ አጠገብ ወይም በሌላ ምቹ ሥፍራ ለክህነት የሚታጩ ልጆች የሚያድጉበት ኮሌጅ እንዲያቆም ደነገገ፤ የሚገቡትም ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ያላነሰ፣ ከሕጋዊ ጋብቻ የተወለዱ፣ ማንበብና መጻፍ የጀመሩ፣ በጠባያቸውም ተስፋ የሚጣልባቸው እንዲሆኑ አዘዘ። እርስዎን የሚመለከተው ግን ከዚህ የሚቀጥለው ቃል ነው፤ አባቶች የድኾች ልጆች ይቀደሙ ብለዋልና፣ የባለጠጎችም ልጆች ባይከለከሉ በገዛ ገንዘባቸው እስከ ተመገቡ ድረስ ነው። እንግዲህ ጋሼ፣ በዚያ ቤት የድኻው ልጅ የማዕዱ ባለቤት፣ ከፍሎ የሚገባው የባለጠጋው ልጅ ደግሞ እንግዳ እንደ ነበረ ያስተውሉ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለውም አባቶች በደፈናው ‹እግዚአብሔር ይሰጣል› ብለው አላለፉም። ከጳጳሱ ከራሱ የማዕድ ገቢ ጀምሮ፣ ከካቴድራሉ ካህናት፣ ከገዳማትና ከልዩ ልዩ የቤተ ክርስቲያን ርስቶች ገቢ ላይ ድርሻ እየተቀነሰ ለዘርአ ክህነቱ እንዲሰጥ፣ በምጽዋት ብቻ የሚኖሩ መነኮሳት ግን ከዚህ ግብር ነጻ እንዲሆኑ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ጻፉት። ስለ ገንዘብ እንዲህ ጠንቅቆ የጻፈ መንፈሳዊ ድንጋጌ ብዙ ያየሁ አይመስለኝም። ነገር ግን መጻፍና ማስከፈል የተለያየ ነው፤ በሚላኖ ቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዎ ዘርአ ክህነቱን ፈጥኖ ሲያቆም ከገዛ ካህናቱ ስለ ግብሩ ብዙ ማጉረምረም ደረሰበት፣ በሌሎች ብዙ አህጉረ ስብከት ደግሞ ድንጋጌው መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ በወረቀት ላይ ቆየ። ያም ሆኖ ሐሳቡ አልሞተም፤ በ1917 ዓ.ም. የወጣው ሕገ ቀኖና ጳጳሱ ለዘርአ ክህነት የሚጥለው ግብር ከዓመት ገቢ ከመቶ 5 እንዳይበልጥ ወሰነ፣ በ1983 ዓ.ም. የወጣውም አዲሱ ሕግ ግብሩን እንደ ገቢው መጠን እንዲሆን አድርጎ አጽንቶታል። ከዚህ ሁሉ እንደምረዳው፣ ቤተ ክርስቲያን የካህኑን ትምህርት ዕዳ በአባቱ ትከሻ ላይ ለመጫን ያሰበችበት ጊዜ የለም፤ ዕዳው የራሷ መሆኑን አውቃ ከራሷ ሰዎች ኪስ ለማውጣት ስትታገል ኖረች እንጂ።

የምጽዋቱን ነገር እንደ ነውር ማየትዎ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ አስገርሞኛል። በአገራችን ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጅ ደጅ ያልዞረ ሊቅ ማን ነው? ቅኔውን የተቀኘው፣ ድጓውን ያመለከተው፣ መጻሕፍቱን የተረጐመው ሁሉ በማያውቀው ገበሬ ቁራሽ አድጎ አይደለም ወይ? ያንን ቁራሽ የሰጠች ባልቴት ደግሞ ተማሪው መምህር ሲሆን ‹የእኔ ውለታ አለበት› ብላ ደጁን አልጠናችም።

በእርግጥ በሮማ የተሰጠው ሁሉ እንዲህ ያለ ውለታ የማይጠይቅ ስጦታ ነበር ማለቴ አይደለም። ከስፔን አደባባይ ዳር የፕሮፓጋንዳ ፊዴ (የእምነት ማስፋፊያ) ሕንፃ አለ፤ በላዩ የባርቤሪኒ ቤተ ሰብ ምልክት የሆኑት ንቦች ተቀርጸዋል፤ በዚያ የነበረውን ኮሌጅ በ1627 ዓ.ም. ያቋቋሙት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዑርባኖስ 8ኛ ከዚያ ቤት የተወለዱ ነበሩና። የኮሌጁን ቤት የሰጠው ሁዋን ባውቲስታ ቪቬስ የሚባል እስፓኛዊ የቤተ ክርስቲያን ሹም ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ወንድም ካርዲናል አንቶኒዮ ባርቤሪኒ ከራሱ ሀብት ለምሥራቅ ሕዝቦች ልጆች የቀለብ መደብ ሲመሠርት ኢትዮጵያውያንንም ጨመረ። የሚያስደንቀው ይህ የሆነው አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ባስወጡበት፣ የሮማ መልእክተኛም ወደ ጎንደር ዝር በማይልበት ዘመን መሆኑ ነው፤ ማዕዱ ተዘርግቶ የሚቀመጥበት ልጅ የሚመጣበት መንገድ ጠፋ።

በዚያ ኮሌጅ የሚማር ወጣት በገንዘብ የሚከፍለው አልነበረም፤ የሚከፍለው በመሐላ ነበር። በ1660 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እስክንድር 7ኛ ባጸኑት ሥርዓት መሠረት፣ ተማሪው ትምህርቱን ሲፈጽም ወደ ተመደበለት አገር ሄዶ ሕዝቡን ሊያገለግል፣ ያለ ፈቃድ ወደ ማኅበረ መነኮሳት ላይገባ፣ ስለ ኑሮውና ስለ ሥራውም በየጊዜው ወደ ሮማ ሊጽፍ ይምል ነበር፤ አውሮፓ ያለው በየዓመቱ፣ ከአውሮፓ ውጭ ያለው ደግሞ በየሁለት ዓመቱ። በልጅነቱ በልቶት የጨረሰው እንጀራ፣ ከሮማ ርቆ በሚኖርበት መንደር፣ ሽበት ካወጣም በኋላ ብዕር አንሥቶ እንዲጽፍ ያስገድደው ነበር ማለት ነው። እኔ በዚህ መሐላ ላይ ልቤ ተከፍሏል፤ ወደ ሕዝብህ ተመለስ ማለቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ገና ራሱን ያላወቀ ጎልማሳ የዕድሜ ልክ ቃል ስለ ቀለቡ መስጠቱ ይከብደኛል።

ዛሬ የእኛን አገር ዘርአ ክህነት ጨምሮ በብዙ ድኻ አገሮች የተማሪውን ቀለብ የሚደጉመው የሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ማኅበር የተጀመረው ግን ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ከሁለት ሴቶች ቤት ነው። በ1889 ዓ.ም. የናጋሳኪው ጳጳስ ኩዛን፣ ክህነት የሚሹ ጃፓናውያን ወጣቶች እያሉት የሚያኖርበት ገንዘብ እንዳጠረው ለአንዲት ፈረንሳዊት ወጣት፣ ለዣን ቢጋር ጻፈላት፤ እርስዋም ከእናቷ ከስቴፋኒ ጋር በኖርማንዲ ከምትገኘው ከካን ከተማ ሆና፣ ያላቸውን እየሰጡ የሌላቸውን እየለመኑ ሥራውን ጀመሩት፤ በ1922 ዓ.ም. ፒዮስ 11ኛ ጳጳሳዊ ማኅበር አደረጉት። ከዘዴዎቹ አንዱ ቡርሳ የሚባለው ነው፤ በጎ አድራጊው የሚሰጠው ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥና ላሚቱን ሳያርዱ ወተቷን እንደ መጠጣት በየዓመቱ በሚወልደው ብቻ አንድ ተማሪ ይማርበታል፤ እርሱ ሲቀደስ ሌላው ይተካል። ሰጪው ሞቶ ከተረሳ በኋላም በስሙ የሚማር ልጅ ይኖራል፤ ልጁም በጸሎቱ ያስበዋል። በዚህ ነገር ውስጥ የሰጪው ከንቱ ውዳሴ የለበትም አልልም፤ ስሙ ተጽፎ እንዲኖር የማይወድ ባለጠጋ ጥቂት ነው። ቢሆንም ከንቱ ውዳሴው ለልጁ ሾርባ ከሆነ እኔ በበኩሌ አልጣላውም።

አሁን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎት። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ የጥንት ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ያርፉበት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አዲስ ኪዳንን በግእዝ በ1548 እና 1549 ዓ.ም. ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን የተቀበሩት በዚያ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በቫቲካን የአትክልት ሥፍራ ውስጥ፣ ፒዮስ 11ኛ ሕንፃውን ያሠሩለት ጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይገኛል። ስሜን በበሩ አስመዝግቤ፣ የስዊሱ ዘበኛ እጁን ወደ ቆቡ አንሥቶ ካሳለፈኝ በኋላ፣ አንድ የአገራችን ወጣት ካህን ተቀብሎ በመመገቢያ ቤቱ ቡና አጠጣኝ። በግእዝ ሥርዓት የሚቀድስ፣ በሳንታ ማርያ ማጆሬ አጠገብ ባለው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጥናት ተቋም የሚማር ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ይመላለሳል።

‹ማን ያስተምርሃል?› ብዬ ስጠይቀው ሳይሸማቀቅ መለሰልኝ። የትምህርቱና የመኝታው ወጪ በተሰጠው የቡርሳ ድጎማ ይሸፈናል፤ ለመጽሐፍ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ማደሻ፣ ለጫማና ለስልክ የሚሆነውን ግን ራሱ ይፈልጋል። በበጋው፣ ኢጣልያውያን ቆሞሳት ለዕረፍት ወደ ባሕርና ወደ ተራራ ሲወጡ፣ በገጠር ቁምስና ተተክቶ እየቀደሰና እያናዘዘ ወሩን ያሳልፋል። ከዚያም ከኪሱ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር አውጥቶ አሳየኝ፤ በአንድ በኩል ቀኑ፣ በመካከል ቅዳሴው የሚታሰብለት ሰው፣ በሌላው በኩል የተሰጠው መባ ተጽፎበታል። በአንዱ መስመር ላይ «ለሟች ባለቤቷ፣ 10 ዩሮ» የሚል አየሁ። ሕጉ ካህን በቀን ከአንድ ቅዳሴ መባ በላይ ለራሱ እንዳያስቀር ስለሚከለክል፣ ሁለት ጊዜ በቀደሰበት እሑድ የሁለተኛውን መባ መስመር በቀይ አስምሮ ለይቶታል፤ ያ የእርሱ አይደለም። የዚያችን ባልቴት መልክ በእርግጥ አያስታውስም፤ የባሏን ስም ግን በቅዳሴው ጠርቶታል። ለጥርሱ ሕክምና ገንዘብ ባጠረው ጊዜ ከእናቱ መጠየቅ አፍሮ ወራት ሕመሙን እንደ ታገሠ ሲነግረኝ፣ የእርስዎ ልጅ ትዝ አለኝና ቡናዬን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ስለዚህ ጋሼ፣ ምክሬ ይህ ነው። ልጁን ለማስገባት ብለው በሬ አይሽጡ፣ የእንሰቱንም ማሳ በወለድ አያስይዙ፤ ማንም አይጠይቅዎትም። ቆሞሱ የምስክርነት ደብዳቤ ይጽፉለታል፤ ሀገረ ስብከቱ ከተቀበለው የትምህርቱን ነገር ያስብበታል፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ብርድ ልብሱ፣ ሳሙናው፣ የመሄጃው ሒሳብ፣ ለትምህርት ቤቱም በየዓመቱ እንደ ምርቱ የሚሰጡት ጥቂት ነገር ነው። ይህችን ጥቂት ነገር ግን አያስቀሩ፤ ማሰሮ ቅቤ ወይም ቆጮ ብትሆንም፣ ልጁ ከማዕዱ ሲቀርብ ከአባቱ ቤት የመጣ እንዳለበት ይወቅ።

ከዚህ የበለጠ የማሳስብዎት ደግሞ አለ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በሰው ቀለብ የተማረ ጎልማሳ፣ ጥሪው ክህነት አለመሆኑን በመጨረሻ ቢረዳ፣ ‹ይህን ሁሉ በልቼ እንዴት እወጣለሁ?› ብሎ በዕፍረት ብቻ እንዳይቀደስ እፈራለሁ። ሕገ ቀኖናው ራሱ ማንም በማናቸውም መንገድ ተገዶ ክህነት እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ነገር ግን ከሕጉ ይልቅ የአባት ቃል ይሰማል። ስለዚህ ልጁ ከመሄዱ በፊት ብቻውን ጠርተው፣ ወደ ቤት የሚመለስበት የአውቶቡስ ገንዘብ በእናቱ ሣጥን ውስጥ በስሙ እንደሚቀመጥ፣ ካህን ሆኖ ቢመጣ በእልልታ፣ ሳይሆን ቢመጣም ያለ ወቀሳ እንደሚቀበሉት ይንገሩት። ለጎረቤት የሚሰጠውን መልስ እኔ ከመጣሁ በኋላ አብረን እንፈልግለታለን።

የጥምቀቱና የሜሮኑ ምስክር ወረቀት ከቁምስናው መዝገብ እንዲወጣ ከአሁኑ ይጠይቁ፤ ባለፈው ስሙ ከአያቱ ስም ጋር ተደባልቆ የተጻፈውን ጸሐፊው ሳያርም ማኅተም እንዳያደርግበት ቆመው ይዩት። እኔ ከትንሣኤ በፊት አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ለእናታችን መቁጠሪያ፣ ለእትዬ ደግሞ ያዘዘችኝን መነጽር ገዝቼላቸዋለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ፤
ከሮማ