ከመጋረጃው በፊት

ለባሌት ባዕድ የሆነ ሰው ስለ ባሌት ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ አንባቢው «ምን አግብቶት?» ቢል አይፈረድበትም። የእኔ ሙያ መምህርነት ነው፤ ሳስተምር የኖርሁትም ሒሳብ እንጂ ውዝዋዜ አይደለም። ነገር ግን የኩባ ብሔራዊ ባሌት አዲስ የትርኢት ወቅት ሊከፍት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የሚያዩ ሥራዎችም ተሰናድተዋል የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር፣ ደስታና ጸጸት አብረው ይጎበኙኛል። ደስታውን ለመናገር ሰንፌ አላውቅም። ጸጸቱን ግን ብዙ ዘመን ደብቄዋለሁ። ዛሬ ጸጉሬ ሸብቷል፤ የእኔ ስሕተት ለሌላው መምህር ትምህርት የሚሆንበት ጊዜ የደረሰ ይመስለኛል።

አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ወድቋል። በ1971 ዓ.ም.፣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እንደ እኔው አባቶቻቸውን ካጡ ብዙ ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላክሁ። ያደግነው ከዋናው ምድር በስተደቡብ በምትገኘው ደሴት ነው። ቀድሞ «የጥድ ደሴት» ትባል የነበረችው ይህች ምድር እ.ኤ.አ. በ1978 «የወጣቶች ደሴት» ተብላ ተሰይማ ነበር። የቀኑን እኩሌታ በፍራፍሬው እርሻ እንሠራለን፤ እኩሌታውን እንማራለን። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ የመጡ ልጆችም በየትምህርት ቤታቸው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በባህል ምሽት ሁላችንም ያገራችንን እናሳያለን። እኛ እስክስታ ስንመታ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህርታችን ከወንበሯ ብድግ ብላ ትከሻችንን በዓይኗ ስትከተል አስታውሳለሁ። ይህች ሴት ናት በ1975 ዓ.ም. ጥቂቶቻችንን አስከትላ ወደ ሐቫና የወሰደችን።

በመርከብ እስከ ባታባኖ ወደብ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ተጓዝን። በመንገድ ላይ የነገረችን ነገር ከትርኢቱ ይልቅ በልቤ ተቀርጾ ቀርቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የባሌት ትምህርት ቤቱ ወንዶች ተማሪዎች አጣ። በኩባ ወላጅ ዘንድ ወንድ ልጅ ቤዝቦል ይጫወታል እንጂ በባሌት ጫማ ጣቱ ላይ ይቆማል ብሎ ማሰብ ነውር ነበርና። የዘዴው አባት የሚባለው ፌርናንዶ አሎንሶ ታዲያ ወደ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ሄዶ ልጆችን መረጠ። ከነዚያ ልጆች አንዱ ኾርሄ ኤስኪቬል አድጎ የታላቋ የአሊሲያ አሎንሶ የመድረክ ጓደኛ ሆነ፤ በመድረክም ላይ ልዑላንን ተጫወተ። መምህርታችን ይህን ብላ ዝም አለች። አውቶቡሱ ውስጥ የነበርነው ሁላችን አባት የሌለን ልጆች ነበርን። አንዳችንም ቃል አልተናገርንም፤ ግን ሁላችንም ቀና ብለን ተቀመጥን።

ያየነው «ዢዜል» የተባለውን ባሌት ነው። ይህ ሥራ በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው፤ አንዲት የገበሬ ልጅ ባላገር መስሎ የቀረባትን መኳንንት ወድዳ፣ እውነቱ ሲገለጥ አእምሮዋ ተናውጦ ስትሞት፣ ከሞትም በኋላ ይቅር ስትለው የሚያሳይ ነው። ከላይ ከሰገነቱ ተቀምጬ የተመለከትሁት በመጀመሪያ ትከሻቸውን ነበር። ትከሻቸው አይነቃነቅም። እስክስታ እግርን ለምድር ትቶ ነገሩን ሁሉ ለትከሻና ለአንገት ይሰጣል፤ ባሌት ደግሞ ትከሻን አሳርፎ ሰውነትን ከምድር ለማላቀቅ ይታገላል። ሁለቱ ጥበቦች ተቃራኒ መስለው ታዩኝ። በሁለተኛው ክፍል፣ ነጭ የለበሱት የሙታን ልጃገረዶች በአንድ እግር ቆመው፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ አንዲት ሴት የሆኑ ያህል እኩል መድረኩን ሲያቋርጡ ግን ተቃርኖው ከአእምሮዬ ጠፋ። ይህንን ያህል እኩል ለመሆን ስንት ጠዋት በአንድነት ላብ እንዳፈሰሱ የእርሻው ሥራ አስተምሮኝ ነበር።

በኋላ ዘመን የዚህን ቡድን ታሪክ እየፈለግሁ አነበብሁ። አሊሲያ አሎንሶ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ መግቢያ ላይ የዓይኗ መጋረጃ ተላቀቀ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ራሷን ሳታነቃንቅ ለብዙ ወራት እንድትተኛ ታዘዘች። በአልጋ ላይ ሳለች የዢዜልን እርምጃዎች በጣቶቿ እያስኬደች አጠናች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1943 በኒውዮርክ የታመመች ዝነኛ ተወዛዋዥ ተክታ ዢዜልን ስትጫወት ሥራው መቶ ዓመት አልፎት ነበር፤ ተመልካቹ ግን እንደ አዲስ ተቀበለው። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ የመድረኩ መብራቶች አቅጣጫ እንዲያመለክቷት ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የፓሪስ ኦፔራ ራሱ የእሷን ዝግጅት ወስዶ በመድረኩ አሳየ። ከፓሪስ የወጣው ሥራ በሐቫና በኩል ዞሮ ወደ ፓሪስ ተመለሰ ማለት ነው።

ቡድኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1948 ነው፤ መሥራቾቹም አሊሲያ፣ ባለቤቷ ፌርናንዶና የፌርናንዶ ወንድም አልቤርቶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 ከባቲስታ መንግሥት ጋር ተጋጭቶ ድጎማው ሲቋረጥ በሩ ተዘጋ። ከ1959 አብዮት በኋላ እንደገና ተከፈተ፤ ፌርናንዶ ለቡድኑ ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል ተብሎ ሲጠየቅ 100,000 ቢል 200,000 እንደተሰጠው በሰፊው ይነገራል። የገንዘቡ መጠን ሳይሆን ከገንዘቡ ጋር የመጣው ግዴታ ነው ቁም ነገሩ። ቡድኑ በፋብሪካ፣ በእርሻና በጦር ሠፈር የእንጨት መድረክ እየተከለ ታየ፤ ትምህርት ቤቱም ለማንኛውም ልጅ በነፃ ተከፈተ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከዚያው በር ከገቡት አንዱ በሐቫና ዳርቻ የሚኖር የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ ካርሎስ አኮስታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በሎዛን ውድድር ወርቅ ያገኘው፣ ኋላም የለንደን ሮያል ባሌት ዕውቅ ከያኒ የሆነው እሱ ነው።

እንግዲህ ስለ አዲስ የትርኢት ወቅት ስናወራ መጠየቅ ያለብን ይህ ይመስለኛል፦ አዲስ የሚያሰኘው ምንድን ነው? በርግጥ አዲስ ሥራ ያስፈልጋል። አልቤርቶ አሎንሶ «ካርመን»ን ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 በመጀመሪያ በሞስኮ በማያ ፕሊሴትስካያ ተጫወተችው። የዚያ አገር የባህል ሹማምንት ባይወዷትም፣ በዚያው ዓመት በሐቫና አሊሲያ አሎንሶ ተቀበለቻት፤ እስከ ዛሬም አለች። እ.ኤ.አ. በ1973 አልቤርቶ ሜንዴስ በኩባዊው በኤርኔስቶ ሌኩዎና የፒያኖ ዜማ አራት እኅትማማቾች ከቀትር በኋላ በቤታቸው ሲውሉ የሚያሳይ ሥራ አቀረበ። ከዚህ ወዲያ የኩባ ሰው በባሌት ውስጥ የገዛ ሳሎኑን ማየት ቻለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚካሄደው የሐቫና ዓለም አቀፍ የባሌት ፌስቲቫልም ለብዙ አዳዲስ ሥራዎች መድረክ ሆኗል።

ነቀፌታም አልጠፋም። አሊሲያ አሎንሶ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2019 በ98 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ የቡድኑ መሪ ነበረች፤ በመጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት የቀድሞዎቹ ሥራዎች ብዙ ቦታ ይዘው ለወጣቶች ፈጠራ ጠበበ ያሉ ተቺዎች ነበሩ። ብዙ ተወዛዋዦችም ወደ ውጭ አገር ሄደው ቀሩ። ከእሷ በኋላ የመጣችው ቪየንግሳይ ቫልዴስ፣ እሷም የዚያው ትምህርት ቤት ፍሬ፣ ይህን ሸክም ነው የተረከበችው። ነቀፌታው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሰው በሄደ ቁጥር ተተኪ ልጅ ከትምህርት ቤቱ መውጣቱን ስመለከት፣ ብሔራዊ ባሌት ማለት መጋረጃው የተገለጠበት ምሽት ሳይሆን፣ ከዚያ አሥር ዓመት በፊት ለአንድ የድኻ ልጅ የተከፈተው በር መሆኑን እረዳለሁ። የመጀመሪያው ትርኢት የሚጀመረው እዚያ በር ላይ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ የሚከተለውን ያደረግሁት።

በ1980 ዓ.ም. ወደ አገሬ ተመልሼ በአዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመርሁ። በሁለተኛው ዓመት በክፍሌ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ እንደ እኔ አባት ከግንባር አልተመለሰም። በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ክብ ሠርተው እያጨበጨቡለት ሲጨፍር በመስኮት አየዋለሁ። የጎንደሩን ከወሎው፣ የጉራጌውን ከኦሮሞው ለይቶ ያውቃል፤ አንዴ ያየውን አይረሳም። ለማስመሰል አይጨፍርም፤ ፊቱ ላይ ሒሳብ የሚሠራ ተማሪ ጭምትነት ይታይበት ነበር። አንድ ቀን እናቱ መጡ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «ይህ ልጅ ጭፈራ ካየ እህልም አያምረው። እርስዎ ባሕር ማዶ ተምረው የመጡ ሰው ነዎት፤ ይህን ነገር የሚማርበት ቦታ እንዳለ ቢነግሩኝ ብዬ ነው።»

ምን እንዳልኋቸው ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «እትዬ፣ ልጅዎ ጭንቅላት አለው። አዝማሪ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት? ይልቅስ ትምህርቱን እንዲያጠና ይምከሩት።»

እናቲቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «እውነትዎን ነው፤ እኔ መሃይም ነኝ» ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። ልጁ ከዚያ ሳምንት ወዲህ በዕረፍት ሰዓት አልጨፈረም። በሒሳብም የተሻለ ውጤት አላመጣም።

ለምን እንዲህ አልሁ? መሃይምስ እኔ ነበርሁ። በሐቫና አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ልዑሉ የሙት ልጅ መሆኑን ስሰማ ቀና ብዬ የተቀመጥሁት እኔ፣ ባገሬ ምድር የሙት ልጅ በደጄ ሲቆም በሩን ዘጋሁበት። ከብረት ቀጥቃጩ፣ ከሸክላ ሠሪዋና ከሸማኔው ጋር አዝማሪውንም ዝቅ አድርጎ የሚያይ አሮጌ ንቀት ከእናቴ ጓዳ ተከትሎኝ ውቅያኖስ ተሻግሯል፤ ዐሥር ዓመት ያህል ተሸሽጎ ኖሮ አብሮኝ ተመልሷል። የኩባ አባቶች ወንድ ልጃቸውን ከባሌት የከለከሉበት ነውርና የእኔ ንቀት አንድ መልክ አላቸው። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ በሩን የሚያንኳኳ አንድ ፌርናንዶ አሎንሶ መገኘቱ ነው።

ባገራችንም ያንኳኩ አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያም «አዱኛ» የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወለደ። ከቡድኑ የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም አቀፍ ውድድር ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ዘንድ ተምሯል። ይህን ዜና ስሰማ በመጀመሪያ የታወሰኝ በመስኮት የማየው የነበረው ያ ልጅ ነው። ዕድሜውን አሰላሁ፤ ጊዜው አልፎበት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ታክሲ ውስጥ ተገናኘን። ሾፌሩ እሱ ነበር። ሒሳብ አልቀበልም አለኝ፤ እናቱ ማረፋቸውንም ነገረኝ። ልወርድ ስል «ጋሼ፣» አለኝ፣ «ትንሿ ልጄ ጭፈራ ካየች እህል አያምራትም። የሚያስተምራት ሰው ያውቁ ይሆን?»

ቂም በድምፁ አልነበረም። እናቱ ስለምን ወደ እኔ መጥተው እንደነበር የሚያውቅ አልመሰለኝም። ምናልባትም ያውቅ ይሆናል። እኔ ግን ለሁለተኛ ጊዜ የተጠየቅሁ ሰው ነኝ፤ በዚያ ቅጽበት የምሰጠው ስምና አድራሻ አልነበረኝም። «እፈልጋለሁ» አልሁት። ፈለግሁም። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በቀድሞው ትምህርት ቤቴ አንድ ክፍል ይከፈትልናል። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተን ወለሉን እንጠርጋለን። ባህላዊውንም ዘመናዊውንም የተማረች አንዲት ወጣት ታስተምራለች፤ እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ልጆቹ አሥራ አራት ናቸው፤ የሾፌሩ ልጅ ከፊት ረድፍ ትቆማለች።

መምህራንና የባህል ሥራ ኀላፊዎች የሆናችሁ አንባብያን፣ ብሔራዊ የውዝዋዜ ቡድን፣ ታላቅ አዳራሽ፣ አዳዲስ ሥራዎች የሚታዩበት ወቅት እንዲኖረን መመኘታችን መልካም ነው። እኔም እመኛለሁ። ነገር ግን ነገ ጠዋት አንዲት እናት ነጠላዋን አጣፍታ ከቢሯችሁ በር ትቆም ይሆናል። የምትመልሱላትን ቃል ዛሬ አስቡበት።