የእኔው ካውያ

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እናቱ እስክትመጣ የሚቆየው እኔ ሱቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የጋራ የንግድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩ ይነሳና ጭሱ በመስኮቴ ይገባል። ልጁ ደግሞ አስም አለበት።

በስብሰባ ላይ ስናገር «እማማ፣ ማን ይከፍላል?» አሉኝ። ባለሱቆቹ 27 ነን፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ሂሳቡ በካሬ ሜትር ስለሚከፋፈል ለመቆጠብ የሚጨነቅ ሰው የለም።

ስለ «ኤጅ» የነገረችን አራተኛ ፎቅ ቢሮ ያላት ወጣት አርክቴክት ናት። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ያዘጋጀው የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት ነው። ሕንፃው በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃዎች ረገድ ከተለመደው ቢያንስ 20 በመቶ መቆጠብ አለበት። ነባር ሕንፃም ማግኘት ይችላል። እኔ የሀብታም ሕንፃ ጌጥ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችን የ12 ወር የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ነው። የአምስቱ ወር የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም!

ቀጥሎ የሽንት ቤቱን ውሃ መያዣ አየን። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ጨመርንበትና ሳንለቀው ቆየን። ከሩብ ሰዓት በኋላ መቀመጫው ውስጥ ቀይ ውሃ ወረደ። ሌት ተቀን ሲፈስ ኖሯል ማለት ነው፤ የተበላሸው አንዲት ላስቲክ ናት።

ትልቁ ጠብ በየሱቁ ትንሽ ቆጣሪ ይገጠም የሚለው ነበር። ከሁሉ በላይ የሞገትኩት እኔ ነኝ፤ ምድር ቤት ያለው ካፌ እኛን እያስከፈለ ይጠቀማል ብዬ። ቆጣሪው ተገጥሞ በወሩ ሲነበብ፣ በስፋቱ ልክ ሲታይ ከሁሉ የበለጠ የሚፈጀው የእኔ ሱቅ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ካውያ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰክቶ ይውላል። «ልጄ፣ ካውያ ይህን ያህል ይበላል?» አልኳት። ባለ 1,000 ዋት ካውያ ሲግል ባለ 18 ዋት ሃምሳ አምስት አምፖል ያህል ይስባል አለችኝ። የካፌውን ባለቤት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቡና ጋበዘኝ፣ ሳቀብኝም። አሁን የሚተኮሰውን አጠራቅሜ ከሰዓት በአንድ ካውያ እተኩሳለሁ።

ምስክር ወረቀቱ ገና ነው። የመስታወቱ ነገር አለ፣ የመርማሪው ክፍያም አለ። የጄኔሬተሩን ጭስ ማውጫ እስከ ጣሪያ ለማስረዘም ግን ገንዘቡ ተሰብስቧል፤ ብየዳው ሰኞ ይጀመራል ተብሏል። እስከዚያ መብራት ሲጠፋ ልጁን ደብተሩን አስይዤ ጭሱ ወደማይደርስበት ወደ አርክቴክቷ ቢሮ እልከዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ቆጣሪ የሚያነበው እሱ ነው፤ የሚጀምረውም ከእኔ ነው።