ያለ ቆጠራ የተሰናበቱ

መርካቶ ውስጥ አንድ የሱቅ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ዕውቀቱ አይደለም። «ተያዥህ ማነው?» ነው የሚባለው። ተያዡ መጥቶ ይፈርማል፤ ፊርማ ባይኖርም ቃሉ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ሜትርና መቀስ ይሰጠዋል። ስንብቱም የራሱ ወግ አለው። ዕቃው ይቆጠራል። ጉድለት ከተገኘ ተያዡ ይጠራል፤ ካልተስማሙም ከጎረቤት ሱቅ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይቀመጣል። ልጁ ያለውን ይላል፣ ጌታው ያለውን ይላል። በዚህ ሁሉ መካከል ግፍ አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ያልሰረቀ ልጅ ሌባ ተብሎ ሲባረር ዓይቻለሁ። ነገር ግን ያለ ቆጠራ «ሂድ» የተባለ እንደሆነ ተራው በሙሉ ያወራዋል፤ ያም ነጋዴ ደህና ሠራተኛ እንደገና ለማግኘት ይቸገራል።

ይህን ወግ ያነሣሁት ስለ ሱቅ ልጽፍ አስቤ አይደለም። ሸማ ተራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ የሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ስናወራ ድንገት፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ እነዚያ አስተማሪዎች ሲባረሩ ቆጠራ ተደርጎ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ አካዳሚክ ነፃነት ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲጽፉም ሲናገሩም ተከታትያለሁ። ነገሩን እንዲህ ከሥሩ የያዘው ግን የለም።

«እነዚያ አስተማሪዎች» ያሏቸው በ1985 ዓ.ም. የተሰናበቱትን ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በመጡበት ወቅት የኤርትራን ሪፈረንደም በመቃወም ሰልፍ ወጡ። ጥይት ተተኮሰ፤ ቢያንስ አንድ ተማሪ ሞተ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ዓለማየሁ ተፈራ ከቦታቸው ተነሥተው ዶክተር ዱሪ መሐመድ ተተኩ። ከዚያ በፋሲካው ሰሞን ለመምህራኑ የስንብት ደብዳቤ ታደለ። ቁጥራቸውን አንዳንዱ 41 ይለዋል፣ ይበልጡን ጊዜ የሚጠቀሰው ግን 42 ነው። ከመንግሥት ወገን ጉዳዩ የሥራ ጉዳይ ነው ተባለ። ተሰናባቾቹና የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ደግሞ የፖለቲካ ቅጣት ነው አሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ ለማወቅ ታዲያ አንድ መንገድ ነበር፤ ሽማግሌው ያሉት ቆጠራ። ማን ምን አስተማረ? ምን መረመረ? ከክፍሉ ስንት ቀን ቀረ? ይህን የሙያ ጓደኞቹ ፊት አስቀምጦ፣ እሱም መልስ እንዲሰጥ አድርጎ መወሰን ይቻል ነበር። አልተደረገም።

ከተሰናበቱት አንዱ ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ነበሩ። በሕክምና ፋኩልቲው ምሥረታ ከደከሙት አንዱ፣ ዲኑም የነበሩ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. የሰኔ ማብቂያ ላይ በተደረገው ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ተገኝተው የኤርትራን መገንጠል ተቃወሙ፤ በኋላም የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንግዲህ በፖለቲካቸው የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል፤ እኔ ራሴ በሁሉም አልስማማም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ከመርካቶ በሸክም ወደ ጥቁር አንበሳ የሚወሰድ በሽተኛ፣ ሆዱን የሚከፍተው ሐኪም ስለ ሪፈረንደሙ ምን ያስባል ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እጁን ነው። በአንድ ደብዳቤ የተሰናበተው እንግዲህ አንድ የፓርቲ መሪ ብቻ ሳይሆን፣ ወጣት ሐኪሞች ቢላዋ አያያዝ የሚማሩበት እጅ ጭምር ነው። ፕሮፌሰሩ በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ዓመታት በእስር ቆይተው ለሕክምና ወደ ውጭ ከተለቀቁ በኋላ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ፊላደልፊያ ላይ ዐረፉ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያትም ከተሰናባቾቹ አንዱ ነበሩ፤ እሳቸውም በ1988 ዓ.ም. ታስረው ለብዙ ዓመታት ከርቸሌ ቆዩ።

ይህን ለሽማግሌው ሳጫውት በአጠገባችን የነበረ ጎልማሳ ነጋዴ ጣልቃ ገባ። «ሱቁ የኔ ከሆነ ያልወደድኩትን አሰናብታለሁ። ዩኒቨርሲቲውም የመንግሥት ነው። ታዲያ ምን ይደንቃል?» አለ። ቀላል ክርክር አይደለም። ብዙ ባለሥልጣን በረጅሙ ንግግሩ ሊል የፈለገው ይህንኑ ነው። መልሴ ግን ይህ ነበር፦ አንተ ጥሩ ሠራተኛ ያባረርክ እንደሆነ ኪሳራው ያንተው ነው፤ የወር ሂሳብህ ላይ ታየዋለህ። ዩኒቨርሲቲ ጥሩ መምህር ቢያባርር ኪሳራው የሚታየው ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ያባረረው ሹም ከወንበሩ ከወረደ በኋላ ነው። ጎልማሳው ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ያሸነፍኩት አልመሰለኝም።

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳይመስል፦ በ1940 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ እንዲያስተምር ተቀጥሮ ነበር። የሚያስተምረው ሎጂክና ሒሳብ ነክ ፍልስፍና ነው። አንዲት እናት ስለ ጋብቻ የጻፈውን ጠቅሳ ከሰሰች፤ ዳኛው ቅጥሩን ሰረዘው። እዚያ ቢያንስ ፍርድ ቤት ነበረ፤ ራሱ ራስል ግን ባለጉዳይ ሆኖ እንዲከራከር አልተፈቀደለትም። ከዐሥር ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ መምህር ከሥራው የሚሰናበተው በቂ ምክንያት በገለልተኛ አካል ፊት ሲረጋገጥ ብቻ መሆን አለበት ይላል። ሸማ ተራ ይህን ከዩኔስኮ በፊት ያውቀው ነበር።

ለመምህራኑም ቢሆን አላዳላም። በየዲፓርትመንቱ ያለውን ቅጥር ያየ ሰው፣ ተያዥ የሚባለው ነገር መርካቶ ብቻ እንዳልቀረ ያውቃል። የራስን ተማሪ ማስቀጠር አለ፤ ከኔ የበለጠ ያነበበ እንዳይመጣ በር መዝጋት አለ፤ የአገር ልጅ ማስገባት አለ። ከላይ ሹሙ፣ ከታች ኮሚቴው በየፊናቸው የሚጥሉት አመልካች ሁልጊዜ ደብዳቤ እንኳ አይደርሰውም። ስለ ነፃነት ሲጮኽ የኖረ መምህር በኮሚቴ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ማየት ብዙ ያስተምራል። ይሁን እንጂ የኮሚቴ ቅናት በሌላ ኮሚቴ ሊታረም ይችላል። የካድሬ ደብዳቤ በማን ይታረማል?

መርካቶ ይህን ጉዳይ ከሩቅ የሚሰማው ብቻ አይደለም። መጋቢት 30 ቀን 1993 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነፃነት ለተማሪዎች ተናገሩ። ተማሪዎቹ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፣ ጋዜጣችን ይመለስልን ብለው ተነሡ። ሚያዝያ 9 እና 10 ግርግሩ ከተማውን አዳረሰ፤ መርካቶም ደረሰ፤ በየተራው በሩ ተከረቸመ። በእነዚያ ቀናት በከተማው ከ30 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ ምሁራን ተማሪ አነሣሥታችኋል ተብለው ታሰሩ፣ በኋላም በዋስ ተለቀቁ። ሽማግሌው ያን ቀን የሚያስታውሱት በሌላ በኩል ነው፦ በጥድፊያ ሲዘጉ አንድ ጣቃ ፖፕሊን ደጅ ረስተው፣ በማግሥቱ ጎረቤታቸው አስቀምጦ እንደመለሰላቸው።

ዶክተር ብርሃኑ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ እንዲሆን ተወሰነ። ራስ ገዝነት ብዙ ነገር ነው፤ ሥርዓተ ትምህርት አለው፣ ገንዘብ አለው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማን እንደሚቀጠርና ማን እንደሚሰናበት ግቢው ራሱ መወሰኑ፣ የተሰናበተውም የሚሰማው ሰው ማግኘቱ ነው።

ይህን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ቆጣሪዎቹን የሚከፍላቸው ማነው?» አሉኝ።

አብዛኛው በጀት ከመንግሥት ነው አልኳቸው።