ድንጋይ ልብሱ

«ቲቸር፣ ኤሊዋ እንዴት ናት?» ለምትሉኝ ተማሪዎቼ፦ ደህና ናት። ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።

ዘመድ ከመተሐራ ሲያመጣልን (ማምጣቱም ልክ አልነበረም) የክብሪት ቀፎ ታክል ነበር። የአቃቂ ብርድ እንዳይጎዳት ብዬ ሳሎን፣ ካርቶን ውስጥ አሳደግኳት። ምግቧ ዳቦና ፓስታ። ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ እኔ! በሁለት ዓመቷ ጀርባዋን በጣቴ ስጫነው ገባ አለ። ፀሐይ ከሌለ ቫይታሚን ዲ የለም፤ እሱ ከሌለ ደግሞ የበላችው ካልሲየም አጥንት አይሆንም። ለዚያውስ ዳቦ ውስጥ ስንት ካልሲየም አለና?

አሁን ጠዋት ግቢ ትወጣለች። ሣር፣ የበለስ ቅጠል፣ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት ትበላለች። ሲመሽ ብቻ ወደ ቤት። ትናንት ጀርባዋን ጫን አልኩት፤ ጠንክሯል። ያኔ የተጣመመው ግን አይቃናም፤ እንደያዘችው ታድጋለች።