በአርጎባ በር ወጥተን



ከጀጎል ጥንታዊ አምስት በሮች አንዱ በአማርኛ ኤረር በር ይባላል። ሐረሪዎች ግን «አርጎብ በሪ» ይሉታል፤ የአርጎባ በር ማለታቸው ነው። ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከአንድ መምህር የአገራችን ልጅ ጋር በዚሁ በር ወጥተን ከኤረር ሸለቆ በላይ ወደምትገኘው ኮረሚ አቀናን። ሁለታችንም የአልዩ አምባ አርጎባዎች ነን። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ያለች፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ጭነታቸውን የሚያራግፉባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ስለ ሐረር ዘመዶቻችን እየሰማን ነው ያደግነው።

በእኛ ዘንድ አርጎብኛው ጠፍቶ አማርኛ ከተተካ ትውልድ አልፏል። በሐረር በኩል ደግሞ ኦሮምኛ ተተክቷል። (ቋንቋው ዛሬም በወሎ ሾንኬና ጦለሃ ይነገራል፤ ስለዚያ ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ እናወጋለን።)

ዳገቱ ሥር አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት አገኘን። በኦሮምኛ ሰላም ሲሉን «አባታችን፣ እርስዎ ኦሮሞ ነዎት መሰለኝ፤ የአርጎባዎቹ መንደር በየት ነው?» አልናቸው። መልስ ሳይሰጡ ፈገግ ብለው ከፊት ከፊታችን ወጡ። መንደሩ ስንደርስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ፣ በገዛ ቤታቸው አስገቡን።

በወተት የፈላ ሆጃ ቀረበልን። ቀጥሎ እንቁላል ተጠበሰ። ከጓዳ የሥጋ ወጥ ይሸተን ነበር። አዛውንቱ አፍረው፣ «ልጆቼ፣ ሥጋውስ ነበረ፤ ግን የእኛ እርድ ነው» አሉን። ያኔ ገባን። በእኛም በሸዋ ለብዙ ሽማግሌ «አማራ» ማለት ክርስቲያን ማለት ነው። በልጅነታችን ስንት ጊዜ «አማራ ነህ ወይስ እስላም?» ተብለን ተጠይቀናል! አማርኛችንን ሰምተው፣ እንዳንቸገር ብለው፣ ሥጋውን የደበቁልን በአክብሮት ነበር። ቢሆንም ከሌላ ሰው ያልከፋንን ያህል ከእሳቸው ከፋን።

ምንም ሳንል የዙህር አዛን ተሰማ። የውዱእ ውሃ ጠየቅን።

«ሙስሊሞች ናችሁ እንዴ?»

«አልሐምዱ ሊላህ። በሰላምታችን መች አጣችሁት?»

«ሰላምታውንማ የከተማ አማራም ይለዋል!»

አርጎባ መሆናችንን ስንነግራቸው ጭራሽ አላመኑም። «አርጎባ እኔ ነኝ። አርጎባ እንዴት በአማርኛ ብቻ ያወራል?» አሉ። «በኦሮምኛ ብቻስ?» የሚለው ከአፋችን ሊወጣ ሲል ዳገቱ ሥር የጠየቅናቸው ትዝ አለንና አንገታችንን ደፋን። እሳቸውም አስታውሰው ኖሮ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። «እኔን ኦሮሞ፣ እናንተን አማራ! ታዲያ አርጎባው የት ሄደ?» አሉና ወደ ጓዳ ተጣሩ።

ሰግደን ስንመለስ ሥጋው ቀርቦ ነበር። እስከ ዐስር ድረስ የአያቶችን ስም ስንቆጥር ዋልን፤ የሚገናኝ ስም ግን አላገኘንም።

ስንወርድ የመንደሩ ልጆች «አማራ! አማራ!» እያሉ እስከ ቁልቁለቱ ሸኙን። አዛውንቱ ከላይ ሆነው በኦሮምኛ ይቆጧቸው ነበር።